ከአሜሪካ የተላከው የኦክስጅን ማሽን አራት ኪሎ ላይ ለምን አቃተው?

ጥያቄ፦ «እናቴ 68 ዓመቷ ነው፤ የምንኖረው አራት ኪሎ፣ ግንፍሌ ኮንዶሚኒየም ነው። ዕድሜዋን ሙሉ በእንጨት ስትጋግር ኖራ ሳንባዋ ተጎድቷል፤ ሲኦፒዲ (ሥር የሰደደ የሳንባ መጥበብ) ነው ተብላለች። ባለፈው ወር ሆስፒታል ተኝታ ስትወጣ ሐኪሟ ቤት ውስጥ ኦክስጅን በደቂቃ 2 ሊትር እንድትወስድ አዘዙላት። ወንድሜ ከአሜሪካ ያገለገለ ባለ 5 ሊትር ማሽን ላከልን። ጀርባው ላይ 115 ቮልት፣ 60 ሄርዝ ይላል፤ በኮንቨርተር ነው የምንሰካው። በ2 ሊትር ሳቹሬሽኗ (የጣት መለኪያው የሚያሳየው የደሟ ኦክስጅን በመቶኛ) ከ85 እና ከ86 አያልፍም። ወደ 4 ስናደርገው ቢጫ መብራት ይበራል፤ ሦስት ሰዓት ያህል እንደሠራም ግሎ ራሱን ያጠፋል። ሱስ እንዳይሆንባት ሌሊት ለ5 ወይም ለ6 ሰዓት ያህል ብቻ ነው የምንሰጣት። አንዳንዱ አዲስ አበባ ከፍታ ስለሆነ ይህ ማሽን አይሠራም ይለናል፤ ሌላው 10 ሊትር ግዙ ይላል፤ አዳማ ውሰዷት የሚልም አለ። ምን እናድርግ?»

ምላሽ፦ ከማሽኑ በፊት የሰዓቱ ነገር ይስተካከል። ከቢጫው መብራት ይልቅ እናትዎን አብዝቶ የሚጎዳቸው እሱ ሳይሆን አይቀርም። ኦክስጅን ሱስ አያስይዝም። ቱቦው ሲወልቅ ሳቹሬሽን የሚወርደው ሳንባቸው ቀድሞውንም ብቻውን ስለማይበቃ ነው፤ ሰውነታቸው ኦክስጅን ስለለመደ አይደለም። ምርኩዙን የጣለ ሰው ቢያነክስ ምርኩዙ አላነከሰውም። በደም ውስጥ ያለው ኦክስጅን ለረጅም ጊዜ ሲያንስ የሳንባ ደም ሥሮች ይጠባሉ፤ የልብ ቀኝ ክፍል በጠበበው በኩል ደም ለመግፋት ሲታገል ይደክማል፤ እግር ያብጣል። ይህን የሚከላከለው ረጅም ሰዓት የሚወሰድ ኦክስጅን ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1981 በብሪታንያ የታተመ ጥናት እንዲህ ያሉ ሕሙማንን በሁለት ከፍሎ አምስት ዓመት ተከታተለ፦ በቀን ቢያንስ 15 ሰዓት ኦክስጅን ከወሰዱት 42 ሰዎች 19ኙ ሲሞቱ ካልወሰዱት 45 ሰዎች 30ዎቹ ሞቱ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በሰሜን አሜሪካ የወጣው ጥናትም ቀንና ሌሊት የሚወስዱት ሌሊት ብቻ ከሚወስዱት የተሻለ ዕድሜ እንደነበራቸው አሳየ። ስለዚህ 5 ሰዓት ትንፋሽ ያቀልል ይሆናል እንጂ ሐኪሙ ያሰቡትን ጥቅም አይሰጥም። ሌሊቱን ሙሉ፣ ከዚያም ቁጭ ብለው ሲያርፉና ሲመገቡ ጨምረው 15 ሰዓት ይሙሉ። ገላ ለመታጠብ ወይም ቤተ ክርስቲያን ለመሳም ቢያወልቁት ግድ የለም፤ የሚቆጠረው የቀኑ ድምር ነው።

አሁን ወደ ማሽኑ። ቤትዎ ያለው ኮንቨርተር ትራንስፎርመር ነው። 220 ቮልቱን ወደ 110 ያወርዳል፤ ሥራው እዚያው ያበቃል፤ ሄርዙን አይነካም። የአሜሪካ ኤሌክትሪክ በሰከንድ 60 ጊዜ ይመላለሳል፣ የእኛው 50 ጊዜ። ለስልክ ቻርጀርና ለላፕቶፕ ልዩነቱ ከቁጥር አይገባም። እዚህ ማሽን ውስጥ ያለው የኮምፕሬሰር (የአየር መጭመቂያ) ሞተር ግን ፍጥነቱ የሚወሰነው በሄርዙ ነው፦ በ60 ሄርዝ በደቂቃ 1,800 ዙር ገደማ የሚዞረው በ50 ሄርዝ ወደ 1,500 ይወርዳል። ቮልቱን የፈለጉትን ያህል ቢያስተካክሉ ይህ አይለወጥም።

የዙሩ መቀነስ ለምን ዋጋ እንደሚያስከፍል ለመረዳት ማሽኑ የሚሠራበትን መንገድ ማወቅ ይጠቅማል። ማሽኑ ኦክስጅን አይፈጥርም። የክፍሉን አየር ይስባል፤ ከአየሩ 78 በመቶው ናይትሮጅን፣ 21 በመቶው ኦክስጅን፣ አንድ በመቶ የማይሞላው አርጎን ነው። የተሳበው አየር ዚዮላይት የሚባል፣ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች የሞሉበት ጥራጥሬ በታጨቀባቸው ሁለት ጣሳዎች ውስጥ ተጨምቆ ይገባል። ግፊቱ ከፍ ሲል ናይትሮጅኑ በዚዮላይቱ ላይ ይጣበቃል፣ ኦክስጅኑ ያልፋል። ግፊቱ ሲለቀቅ ናይትሮጅኑ ተላቆ ወደ ክፍሉ ይመለሳል። አንዱ ጣሳ ሲያጣራ ሌላው ይተነፍሳል፤ በየጥቂት ሰከንዱ የሚሰሙት የ«ፉሽ» ድምፅ ይህ ተራ መለዋወጥ ነው። አርጎን ከኦክስጅኑ ጋር አብሮ ስለሚያልፍ ከማንኛውም እንዲህ ያለ ማሽን ከ96 በመቶ በላይ አይጠበቅም፤ ጤነኛው ከ90 እስከ 96 ይሰጣል። የክፍሉን አየር ይጨርሳል የሚባለውም ልክ አይደለም፤ የሚወስደውን ናይትሮጅን መልሶ ይተነፍሳል፣ ኦክስጅኑም እዚያው ክፍል ውስጥ ይቀራል።

ኮምፕሬሰሩ ከሚገባው ዙር 17 በመቶ ሲጎድለው የሚጨመቀው አየርም በዚያው ልክ ይጎድላል። በዚህ ላይ ከፍታው ይጨመራል። አራት ኪሎ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር የማይተናነስ ከፍታ ላይ ነው፤ የአየሩ ግፊት 570 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ አካባቢ ሲሆን በባሕር ዳርቻ 760 ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ የፒስተን ጉዞ የሚስበው አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ሁለቱን ሲያባዙ ማሽኑ የሚያገኘው አየር በክብደት ሲሰላ በባሕር ዳርቻ በ60 ሄርዝ ከሚያገኘው 63 በመቶው ብቻ ነው። ሌላም ረቂቅ ነገር አለ። የሊትር መለኪያውን ኳስ የሳሳ ጋዝ በቀላሉ ስለማያነሳው 4 ላይ ቆሞ ሲታይ በእርግጥ የሚያልፈው በመጠን ከ4 ትንሽ ይበልጣል፤ ማለትም ማሽኑ ከሚታየው በላይ እየተጠየቀ ነው። ትንሽ አየር አግኝቶ ብዙ ኦክስጅን ሲጠየቅ ናይትሮጅኑን ሳይዝ መልቀቅ ይጀምራል። ቢጫው መብራት የሚለው ይህንን ነው፤ በብዙ ማሽኖች ቢጫ ማለት የሚወጣው ኦክስጅን ከ85 ወይም ከ82 በመቶ በታች ወርዷል ማለት ነው።

«አዲስ አበባ ላይ አይሠራም» ለሚሉት መልሱ እዚህ አለ። ከፍታው ብቻውን ጤነኛ ማሽንን ያደክመዋል እንጂ አይጥለውም። በርካታ አምራቾች ጀርባው ላይ 1,828 ወይም 2,000 ሜትር ብለው ይጽፋሉ፤ ከዚያ በላይ ለሚሆነው ኃላፊነት አይወስዱም። ሌሎች እስከ 3,048 ወይም እስከ 4,000 ሜትር ዋስትና ይሰጣሉ። ከተማችን የሁለተኛውን ዓይነት ትፈልጋለች። የእናትዎን ማሽን የጣለው ከፍታው፣ የሄርዙ ጉድለትና ምናልባትም እርጅናው አንድ ላይ መምጣታቸው ነው።

ግሎ መጥፋቱም ከሄርዙ ይመጣል። ለ115 ቮልትና ለ60 ሄርዝ የተጠቀለለ ሞተር ያንኑ ቮልት በ50 ሄርዝ ሲያገኝ በብረቱ ውስጥ የሚፈጠረው መግነጢስ በ20 በመቶ ይበልጣል። ብረቱ ከሚሸከመው ሲያልፍ ሽቦው ትርፍ ከረንት ይስባል፣ ትርፉም ሙቀት ይሆናል። ማቀዝቀዣው ፋንም ዘግይቶ ይዞራል፤ የሳሳው አየር ደግሞ ሙቀት የመሸከም አቅሙ ያነሰ ነው። ማሽኑን የሚያጠፋው የሙቀት መከላከያው ነው፤ ልክ እየሠራ ነው ማለት ነው። ሽፋኑን ከፍቶ ማሠራት ወይም መከላከያውን በሽቦ ማለፍ፣ አንዳንድ ጥገና ቤት እንደሚደረገው፣ የሚያበቃው በተቃጠለ ሞተር ነው። ኦክስጅን በሚወጣበት ማሽን ውስጥ የተቃጠለ ሞተር ደግሞ ቤት ያቃጥላል።

ሊትሩን ወደ 4 ማድረስዎን ዛሬውኑ ያቁሙ። በማሽኑ በኩል ሲታይ 4 ላይ የሚያገኙት ብዙ ግን የቀጠነ ኦክስጅን ነው። በእናትዎ በኩል ያለው አደጋ ይበልጣል። ሥር የሰደደ የሳንባ መጥበብ ያለባቸው ብዙ ሰዎች ካርቦን ዳይኦክሳይድ በሚገባ አያስወጡም፤ ኦክስጅን ከልክ ሲያልፍባቸው ካርቦን ዳይኦክሳይዱ በደማቸው ይጠራቀማል፣ ጠዋት ራስ ምታት፣ ቀን ድብታ፣ ከዚያም ራስን መሳት ያስከትላል። ለነሱ ዒላማው ከ88 እስከ 92 በመቶ ነው፤ ጎረቤት 98 አሳይቶት ከሆነ ለእናትዎ መለኪያ አይሆንም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2010 በአውስትራሊያዋ ታዝማኒያ ከአምቡላንስ ጀምሮ የተደረገ ጥናት በዚህ ዒላማ ኦክስጅን የተሰጣቸው ሕሙማን ሞት በብዛት ከተሰጣቸው ከግማሽ በታች መሆኑን አሳይቷል። ዛሬ ማሽኑ ቀጭን ኦክስጅን ስለሚሰጥ 4 ሊትር ላይጎዳቸው ይችላል። ነገ ጥሩ ማሽን ገዝተው በልማድ 4 ላይ ቢተዉት ግን ያ ሌላ መጠን ነው።

ከፍታው በሰውነት ላይ የሚያደርገውን ከማሽኑ ለይተው ይዩት። አራት ኪሎ ላይ የሚኖር ጤነኛ ሰው ሳቹሬሽኑ አብዛኛውን ጊዜ ከ92 እስከ 96 ይሆናል፤ 93 ያየ ጤነኛ ሰው አይደንግጥ። በትንፋሽ ወደ ሳንባ የሚገባው የኦክስጅን ግፊት በባሕር ዳርቻ 150 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ አካባቢ ነው፤ እዚህ 110 ነው። በ2 ሊትር በአፍንጫ ቱቦ ጥሩ ኦክስጅን ሲሰጥ የሚተነፈሰው አየር ኦክስጅን ከ21 ወደ 27 ወይም 28 በመቶ ይደርሳል፤ ግፊቱም ወደ 144 ከፍ ይላል። ስለዚህ ሐኪሙ ያዘዙት 2 ሊትር እናትዎን ወንበራቸው ላይ እንዳሉ ቀይ ባሕር ዳር እንደ ማውረድ ነው። አዳማ 1,700 ሜትር አካባቢ ናት፤ እዚያ ግፊቱ 120 ቢደርስ ነው። የአዳማ ጉዞ የሚሰጠው የ2 ሊትሩን ሩብ ገደማ ነው። ዘመድ ካላቸውና ሙቀቱን ከቻሉት አይከፋም፤ የሳንባ ሐኪማቸውን፣ ቤታቸውንና ማሽኑን ትተው የሚሄዱበት ምክንያት ግን አይሆንም።

በ2 ሊትር ቢጫው ሳይበራ 85 ላይ መቆማቸው ለየብቻ መመርመር አለበት። መብራቱን የሚያዝዘው መለኪያ ያለው ማሽኑ ሆድ ውስጥ ነው፤ ከሱ በኋላ ያለውን አያይም። ከሱ በኋላ ደግሞ ኦክስጅኑን የሚያረጥበው የውሃ ብርጭቆ፣ ቱቦውና የአፍንጫ ቱቦው አሉ። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሚገኘው ብርጭቆው ክዳን ላይ ነው፦ ጠማማ ተከድኖ ወይም ጎማው ደርቆ ኦክስጅኑ በጎን ይወጣል። ማሽኑን 2 ሊትር ላይ አድርገው የአፍንጫ ቱቦውን ጫፍ በጣትዎ አጥፈው ይያዙ። ኳሱ ወደ ዜሮ ከወረደ መስመሩ በየትም አያፈስም። ኳሱ ካልወረደ ብርጭቆውን አውጥተው ቱቦውን በቀጥታ ከማሽኑ አገናኝተው ይድገሙ፤ አሁን ከወረደ ጥፋተኛው ብርጭቆው ነው። በ2 ሊትር ብርጭቆው የግድ አይደለም፤ አፍንጫቸው ካልደረቀ አውጥተው ይተዉት። ከተጠቀሙበት ተፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ በየቀኑ ይቀየርበት። የቧንቧ ውሃም ሆነ ጸበል በዚህ ብርጭቆ አይጨመር፤ ውሃ ውስጥ ያለ ባክቴሪያ በቀጥታ ወደተጎዳ ሳንባ ይሄዳል። ማሽኑን ድምፁን ለመሸሽ ሌላ ክፍል ካስቀመጡት ቱቦው ከ15 ሜትር አይለፍ፣ ምንጣፍም ወንበርም አይጫነው።

የጣት መለኪያውንም አይመኑት ብዬ ሳይሆን እንዴት እንደሚዋሽ ይወቁት። ቀይና በዓይን የማይታይ ብርሃን በጣት አሳልፎ የደሙን ቀለም ነው የሚያነበው። ቀዝቃዛ ጣት፣ የጥፍር ቀለም፣ እንሶስላና ሂና ንባቡን ያዛቡታል፤ ጣቱን አሙቀው፣ ቁጥሩ ለአንድ ደቂቃ ሳይዘል ከቆመ በኋላ ያንብቡ። በጥቁር ቆዳ ላይ ደግሞ ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ የማንበብ ዝንባሌ አለው፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2020 በአሜሪካ የወጣ ጥናት መለኪያው 92 እስከ 96 እያሳየ በደም ምርመራ ከ88 በታች የተገኙት ከጥቁሮቹ ናሙናዎች 12 በመቶ፣ ከነጮቹ 4 በመቶ ያህል መሆናቸውን አሳይቷል። ከሁሉ የከፋው ከሰል ነው። ቡና ሲፈላ ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ከደሙ ጋር ሲጣበቅ መለኪያው ኦክስጅን ነው ብሎ ያነበዋል። ቁጥሩ ጥሩ ሆኖ ሰውየው እየታፈነ ሊሆን ይችላል።

ማሽኑና ሕመሙ የሚለዩበት አንድ ፈተና አለ፤ ከማንኛውም ግዢ በፊት ይደረግ። የሕክምና ኦክስጅን ሲሊንደር ከነማኖሜትሩ (ከነግፊት መለኪያው) እና ከነሊትር መለኪያው ለጥቂት ቀን ይከራዩ ወይም በክሊኒክ ያድርጉት። እናትዎ 20 ደቂቃ አርፈው ይቀመጡ፤ በማሽኑ በ2 ሊትር ያለውን ሳቹሬሽን ይጻፉ። ከዚያ ያንኑ የአፍንጫ ቱቦ ወደ ሲሊንደሩ አዛውረው በ2 ሊትር 30 ደቂቃ ይቆዩና እንደገና ይጻፉ። በሲሊንደሩ ወደ 88 እስከ 92 ከገባ ጥፋቱ የማሽኑ ነው። እዚያው 85 ላይ ከቀረ ማሽን ቢቀይሩም ለውጥ አይኖርም፤ ሐኪሙ የታዘዘውን መጠን እንደገና ማየት አለባቸው፤ ለዚያም ከእጅ አንጓ ደም ቅዳ (ከልብ ደም የሚያመጣው ሥር) ደም ተወስዶ ኦክስጅኑም ካርቦን ዳይኦክሳይዱም መለካት አለበት። ጥቁር አንበሳን የመሰለ የሳንባ ክሊኒክ ያለው ሆስፒታል ለዚህ ትክክለኛው ቦታ ነው። ከ92 ካለፈም ለሐኪሙ ይንገሩ፤ መጠኑ ሊቀነስ ይችላል።

ጥገና ባለሙያ መጥቶ ከማሽኑ የሚወጣውን የኦክስጅን ድርሻ በአናላይዘር ቢለካልዎት ደግሞ አንድ ወጥመድ አለ። ርካሾቹ አናላይዘሮች የሚለኩት የኦክስጅንን ግፊት እንጂ ድርሻውን አይደለም። በባሕር ወለል ተስተካክሎ የመጣ መሣሪያ አራት ኪሎ ላይ የተራውን አየር 21 በመቶ ከማለት 16 ይላል፤ 93 በመቶ የሚሰጠውን ጤነኛ ማሽንም 70 ብሎ ያዋርደዋል። በዚህ ስህተት ደህና ማሽን ተበላሸ ተብሎ ሊጣል ይችላል። ባለሙያው በፊትዎ መጀመሪያ የክፍሉን አየር ለክቶ 20.9 ላይ ያስተካክለው፤ ያንን ካላደረገ ንባቡን አይቀበሉ። በክብሪት እሳት ወይም በተለኮሰ ጧፍ ኦክስጅን መኖሩን «የሚፈትን» ሰው ከመጣ ከቤት ያስወጡት።

የአሜሪካውን ማሽን ለማዳን አንድ እውነተኛ መንገድ አለ፦ ባትሪ፣ ቻርጀርና ከባትሪው 120 ቮልት በ60 ሄርዝ የሚያወጣ ንጹህ ሳይን ዌቭ ኢንቨርተር፣ ቢያንስ 1,500 ዋት፤ ሞተሩ ሲነሳ ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ስለሚስብ። ያኔ ዙሩም ሙቀቱም ይስተካከላል። እኔ ግን ለዋና ማሽንነት አልመክረውም። የእናትዎ ትንፋሽ በሦስት ዕቃዎች ሰንሰለት ላይ ይንጠለጠላል፤ ያገለገለው ማሽን ዚዮላይትም እርጥበት ጠጥቶ ሊሆን ይችላል። ዚዮላይት ከናይትሮጅን ይልቅ ውሃን አጥብቆ ይይዛል፤ ወራት በመጋዘን ተቀምጦ እርጥበት ከጠጣ በቤት ውስጥ በማሠራት በቀላሉ አይደርቅም። ማሽኑ ላይ ያለው የሰዓት ቆጣሪ ከ15,000 በላይ ካሳየ በሱ ላይ ገንዘብ አይጨምሩ።

የምመክርዎት ይህን ነው። የሲሊንደሩ ፈተና በ2 ሊትር ዒላማው ውስጥ ካገባቸው ባለ 5 ሊትር፣ ለ230 ቮልትና ለ50 ሄርዝ የተሠራ፣ የከፍታ ዋስትናው ቢያንስ 3,000 ሜትር የሆነ፣ የኦክስጅን መጠን ማስጠንቀቂያ ያለው ማሽን ይግዙ። 10 ሊትሩን አይግዙ። እስከ 650 ዋት የሚበላ፣ ከባድና ጯሂ ነው፤ መብራት ሲሄድ ለመተካት እጥፍ ባትሪ ይጠይቃል፤ አንዳንዱም ከ2 ሊትር በታች በትክክል አይሰጥም። 10 ሊትር ቦታው ሐኪሙ 4 እና ከዚያ በላይ ሲያዙ ነው። ሁለት ማሽን በአንድ ቱቦ ማጋጠምም ለእናትዎ ጉዳይ አያስፈልግም። ሲገዙ በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን መመዝገቡን ይጠይቁ። ሱቁ ውስጥ ለ30 ደቂቃ እንዲሠራ ያድርጉ፤ አናላይዘሩ በክፍሉ አየር ከተስተካከለ በኋላ በ3 ሊትር ከ90፣ በ5 ሊትር ከ85 በታች ከሆነ ይመልሱት። «ሲሞቅ ይስተካከላል» የሚል መልስ አይቀበሉ፤ 30 ደቂቃ ለመሞቅ ከበቂ በላይ ነው።

ቤት ሲገባ ማሽኑ ከግድግዳ 30 ሴንቲ ሜትር ይራቅ፣ ከማድ ቤት ጭስና እንፋሎት ይለይ። የውጪው ስፖንጅ ማጣሪያ በየሳምንቱ በሳሙና ታጥቦ፣ ጥላ ውስጥ ፈጽሞ ደርቆ ይመለስ፤ እርጥቡን መመለስ ያንኑ ዚዮላይት ማጠጣት ነው። በዲቫይደር አይሰካ፤ በቀጥታ ግድግዳ ላይ፣ በ2 ኪሎ ቮልት አምፒር ስታቢላይዘር በኩል ይሁን። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ስለሚስብ በተጫነ ቁጥር የቤቱ ቮልት ይወርዳል፤ ኮምፕሬሰሩም ያንጊዜ ይደክማል። እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት ስታቢላይዘሩ ላይ የሚታየውን ቁጥር ይመልከቱ፤ ከ190 በታች የሚወርድ ከሆነ ኤሌክትሪሺያን ለማሽኑ የተለየ መስመር ከቆጣሪው ይሳብለት።

መብራት ሲሄድ ባትሪ ብዙ አያስኬድም። ባለ 12 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት ባትሪ፣ እንዳይበላሽ ግማሹን ብቻ ቢጠቀሙ፣ 350 ዋት የሚበላ ማሽንን ለአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ነው የሚያቆየው። ሲሊንደር ይሻላል። ባለ 40 ሊትሩ በ150 ባር ሲሞላ 6,000 ሊትር ኦክስጅን ይይዛል፤ በ2 ሊትር 50 ሰዓት ነው። ባለ 10 ሊትሩ 12 ሰዓት ተኩል ይሰጣል፤ ደረጃ ላይ ለመሸከምም ለግንፍሌ ሕንፃዎች እሱ ይመቻል። ሁልጊዜ ቆሞ፣ በሰንሰለት ግድግዳ ላይ ታስሮ ይቀመጥ፤ ቢወድቅና አንገቱ ቢሰበር ግድግዳ ይበሳል። ከብየዳ ቤት ሲሊንደር አያምጡ፤ ምን እንደገባበት፣ መቼ እንደተፈተነ የሚያውቅ የለም። ማኖሜትሩን ዘይት ወይም ቅቤ በነካው እጅ አይንኩት፤ በግፊት የሚወጣ ኦክስጅን ቅባትን ያለ ክብሪት ሊያቀጣጥል ይችላል።

በዚሁ ምክንያት እናትዎ ቱቦውን አድርገው ሳለ ፀጉራቸውን ቅቤ አይቀቡ፤ አፍንጫቸው ቢደርቅም ቫዝሊን ሳይሆን ውሃ ላይ የተመሠረተ ቅባት ይጠቀሙ። ረከቦቱ፣ ከሰሉ፣ እጣኑና ጧፉ ከሳቸውም ከማሽኑም ከ3 ሜትር በላይ ይራቁ፤ ከተቻለ ሌላ ክፍል። ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ቡና ያለ እጣን ቤታቸውን ቤት አያስመስልባቸውም። ግን ለሳንባቸውም ጭሱ ራሱ ጠላት ነው። ጸሎት ላይ ጧፍ ማብራት ከፈለጉ ማሽኑ ይጥፋ፣ ቱቦው ይውለቅ፣ ልብስና ብርድ ልብስ የጠጣው ኦክስጅን እንዲተን 10 ደቂቃ ይጠበቅ።

ከዚህ ሁሉ በፊት አንድ ነገር ዛሬ ይመልከቱ። እናትዎ ከወትሮው ይልቅ ከደበታቸው፣ ንግግራቸው ከተምታታ፣ አክታቸው ቀለሙን ከቀየረ ወይም ትኩሳት ካላቸው፣ አንድ እግራቸው ከሌላው በተለየ ካበጠ፣ ወይም በእረፍት ላይ ከ85 በታች ከቆዩ የማሽን ፈተና አይጠብቁ። የሳንባ ምች ወይም በሳንባ ደም ሥር የገባ የደም ርጋታ ሊሆን ስለሚችል በአቅራቢያዎ ወዳለ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷቸው። በመንገድ ላይም በ2 ሊትር ይሂዱ፤ ለተቀበላቸው ሐኪምም ሲኦፒዲ እንዳለባቸውና ዒላማቸው ከ88 እስከ 92 መሆኑን ገና በር ላይ ይንገሩት።